ሲንጀር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፦ ከላምበረት እስከ ቆቦ

አዲስ አበባ የምንኖር አሥራ አንድ የወሎ ሴቶች ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከወልድያ ሲወጣ፣ ስልክ ተከፍቶ የዘመድ ድምፅ ስንሰማ፣ ከ«ተርፈናል» ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ምንም አልቀረም» ነበር። ከጥር ጀምሮ በየወሩ አምስት አምስት መቶ ብር ማዋጣት ጀመርን። እስከ የካቲት 2015 በአሥራ አራት ወር 77,000 ብር ሆነ። ገንዘቡን እንደ እቁብ በየተራ ላክነው፤ ዕጣ የሚደርሳቸው ግን እኛ ሳንሆን እዚያ ያሉ አምስት ሴቶች ናቸው። አምስቱም ከጦርነቱ በፊት የራሳቸው እንጀራ የነበራቸው ናቸው።

የመጨረሻዋ ባለ ተራ የወልድያዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። «ብሩን አትላኩልኝ። እዚህ ያለው የልብስ ስፌት ሲንጀር አሮጌ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስ። መርካቶ ግዙልኝ» አለች። ገዛን። ሲንጀሩን ማድረስና የሌሎቹን ሥራ በዓይን ማየት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 2015፦ ከላምበረት ወደ ኮምቦልቻ

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ለእኔ መቀመጫ 520 ብር፣ ለሲንጀሩ 300 ብር። የብረት እግሩንና ጠረጴዛውን በጆንያ፣ የሲንጀሩን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ስለነበር ረዳቱን «ራሱን እቅፌ ላይ ልያዘው» ብዬ ለመንኩት። «ሌላ ሰው የት ይቀመጥ?» ብሎ ጣሪያው ላይ አሰረው።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ፀሐይ። ደብረ ሲና መኪናው ገና ሳይቆም ሴቶቹ ቆሎ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ባለ 30 ብር ከረጢት ገዛሁና አንዷን ሥራ እንዴት ነው አልኳት። «መኪና ካለ ሥራ አለ» አለችኝ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ ቆልታ ያዘጋጀችውን ሁሉ ከልጆቿ ጋር እንደበላችው ነገረችኝ። ሸዋ ሮቢት ሲጎዳ የእሷ ቤት አልተነካም። ነገር ግን ገበያዋ መንገዱ ነው፤ መንገዱ ሲቆም እሷም ቆመች። ስለ ጦርነት ጉዳት ስናወራ የተሰበረውን እንቆጥራለን እንጂ እንደዚህ ዓይነቱን ማን ይቆጥረዋል?

በሚያዝያ 2013 የተቃጠለችው አጣዬ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ከጠቆረ ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ከዚያ በኋላ ኬላው በዛ። በአንዱ ኬላ ዕቃ ሁሉ ይውረድ ተባለ። ረዳቱ ገመዱን ሲፈታ የሲንጀሩ ራስ ከነብርድ ልብሱ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስገልጠው መዘውሩ ተጣሟል፣ የመርፌው ዘንግም አይንቀሳቀስም። የአሥራ አንድ ሴቶች ገንዘብ መሆኑን እያሰብኩ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፈታሹ ወታደር ውሃ አመጣልኝ።

ኮምቦልቻ የገባነው ሲመሽ ነው። አልጋ 350 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ንጹሕ አንሶላ ያለው ክፍል አይገኝም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5፦ ኮምቦልቻ

የኮምቦልቻዋ ባለ ተራችን በ2009 ሥራ በጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ፓርኩም ተዘረፈ፤ እሷም ከሥራም ከደመወዝም ወጣች። የላክንላት 12,000 ብር አሁን የሸራ ዳስ፣ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ አንድ ትልቅ መጥበሻ፣ ስድስት ዱካና ሁለት ደርዘን ብርጭቆ ሆኗል። ዳሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያድሩበት ቦታ አጠገብ ነው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ፓስቲ ትጠብሳለች። ከጎኗ ተቀምጬ አየኋት። ሊጡን በዘይት በራሰ መዳፏ ትዘረጋና፣ መሀሉን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ፣ ዘይቱ ውስጥ በጠርዝ በኩል ታንሸራትተዋለች። እጇ ላይ እስከ ክርኗ ድረስ ትናንሽ የዘይት ጠባሳዎች አሉ። አንዱን 7 ብር ትሸጣለች፤ አዲስ አበባ እኛ ሰፈር 10 ነበር። ለምን አትጨምሪም ስላት «ሾፌሩ አንድ ብር ስጨምርበት ወደ ቀጣዩ ዳስ ይሄዳል፤ እዚያ ያለችው ደግሞ ከእኔ ጋር ፓርክ የሠራች ጓደኛዬ ናት» አለች። ቆጠርን፤ ከእሷ ጋር በዚያ መንገድ ዳር ሻይና ፓስቲ የሚሸጡ ዘጠኝ ሴቶች አሉ፣ አምስቱ የፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ። ይህ አሳሰበኝ። ሁላችንም ለሴት መነሻ ስናስብ ሻይ ቡና ነው የሚታየን። መንገዱ ግን ዘጠኝ ዳስ እንጂ ሃያ አይችልም።

አምስት ሊትር ዘይት 950 ብር ገብቶ ነበር። ከዘይት፣ ከዱቄት፣ ከከሰልና ከስኳር በኋላ በቀን ከ150 እስከ 200 ብር ይተርፋታል። ፓርኩ ቢጠራት ትመለስ እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «ጠዋት ፓስቲ፣ ቀን ፓርክ» አለች። እንቅልፍሽስ ብዬ ሳልጨርስ ሾፌር ተጣራ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ መጠማዘዣው ላይ ጎማ ተነፈሰ። ዝናብ ጀመረ። ተሳፋሪው ወርዶ ድንጋይ አስደግፎ እስኪቀየር አንዲት እናት ነጠላቸውን አጋሩኝ። ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6፦ ደሴ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር እንደ ወትሮዋ በርዳለች። በጠዋት ሲንጀሩን ይዤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ተላክሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መዘውሩን አዟዟሩት። የመርፌውን ዘንግ አውጥተው፣ በብረት ላይ አስተኝተው፣ በትንሽ መዶሻ ቀስ ቀስ እያሉ አቀኑት። አንዴ መትተው በዓይናቸው ደረጃ አንስተው በብርሃን ያያሉ፤ ደግሞ አንዴ ይመታሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ለማን እንደሆነ ስነግራቸው የእጅ ዋጋ አልቀበልም አሉ፤ የለወጡትን ቀበቶና መርፌ 180 ብር ብቻ ወሰዱ። «አብሽሪ ልጄ፣ ሲንጀር ይወድቃል፣ ይነሳል» አሉኝ።

የደሴዋ ባለ ተራ ከጦርነቱ በፊት የልጆች ልብስና ሸቀጥ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ከተማዋ ስትያዝ ልጆቿን ይዛ በእግር ወጣች። ስትመለስ ከሱቁ የቀረው መደርደሪያውና ከባንኮኒው ሥር የወደቀ የዱቤ ደብተር ነበር። ደብተሩን አሳየችኝ። ሽፋኑ የጫማ ዳና አለበት። ውስጡ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጎረቤቶች ስምና ዕዳ። ከፍለው የተሰረዙ አሉ። አራት መስመሮች ደግሞ ሳይከፈሉ ተሰርዘዋል፤ እነዚያ ሰዎች የሉም።

«ዕቃው ተዘረፈ፣ ዕዳው አልተዘረፈም» አለችኝ። ለሱቁ 40,000 ብር በቡድን ዋስትና ተበድራ ነበር። ከአራት ሴቶች ጋር አንዷ ለሌላዋ ዋስ ለመሆን ተዋውለው። አምስቱም ተዘርፈዋል። አበዳሪው ተቋም የመክፈያ ጊዜውን በአንድ ዓመት አራዘመላቸው፣ ወለዱ ግን አልቆመም። አንዷ መክፈል ሲያቅታት የእሷ በአራቱ ላይ ተደለደለ። በሰላም ጊዜ የቡድን ዋስትና ንብረት ለሌላት ሴት ትልቅ በር ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ሲዘረፉ ግን ያው ገመድ አምስቱንም አብሮ ይዞ ይወርዳል። ጎረቤታሞች ተበድረው ጎረቤታሞች ከተዘረፉ ማን ለማን ይዋሳል? የተዘረፈ ዕቃ ዕዳ ሊሰረዝ፣ ቢያንስ ወለዱ ሊቆም ይገባ ነበር። ይህን ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሜ እላለሁ።

የእኛን 15,000 ብር ስንልክላት ከፊሉን ለዕዳው ከፍላ በቀረው ሸቀጥ መጀመሯን አልደበቀችንም። ከማኅበራችን ያኮረፉ ነበሩ። እኔም ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ደብተሩን ካየሁ በኋላ ግን አልከፋኝም፤ ዕዳ ያለባት ሴት ሱቅ ብትከፍት ጠዋት የምትከፍተው ለራሷ አይደለም።

ረመዳን ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ምስርና ዱቄት እያከማቸች ነው፤ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሳምቡሳ በሱቋ በር ላይ ልትጠብስ። የዓመቱን ወለድ በዚህ አንድ ወር እወጣዋለሁ ብላለች። ማታ ቡና ተፈላ። ሦስት የቅሬዋ፣ ማለት የእድሯ፣ ሴቶች መጡ፤ እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ እነሱ ሊይዙ ነው፣ ለሁላችንም ቆሎ ቀረበ። በረካው ላይ ትልቋ ሴት ለአገር ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7፦ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ

ሐይቅ ለቁርስ ቆምን። ሽሮ 60 ብር። ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ጾመኛ ዓሣ ይብላ አይብላ ብለው ከአስተናጋጇ ጋር ሲከራከሩ መኪናው ጥሩንባ ነፋ።

መርሳ ላይ የምፈልጋት ሴት 10,000 ብር ለዶሮ እርባታ ተልኮላት ነበር። ከጦርነቱ በፊት ስልሳ ዶሮ ነበራት፤ ወታደር በልቶ ጨረሳቸው። ቤቷ ስደርስ ከጓሮው ቆጡ አለ፣ ዶሮ የለም። መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ፦ ብሩ በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ልጇ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ደሴ አሳክማው ዳነ፤ ከብሩ 640 ብር ቀረ። እሱንም በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣው «ይኸው፣ መልሱት» ብላ ዘረጋችልኝ። ልጁ በሩ ላይ በክራንች ቆሞ ይሰማናል።

አልተቀበልኳትም። ግን ምን እንደምላት አላወቅኩም። የእኛ ዝርዝር ላይ «መርሳ፦ ዶሮ» የሚል ብቻ ነው የተጻፈው፤ ልጅ ሲታመም የሚል መስመር የለውም። ስሄድ ብርቱካን በዘንቢል ሞልታ ሰጠችኝ። ብርቱካኑን እስከ ወልድያ ጉልበቴ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8፦ ወልድያ

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2014 ድረስ ተይዛ የቆየች ከተማ ናት። ልብስ ሰፊዋ በዚያን ጊዜ ከቤቷ አልወጣችም። ሁለት ሲንጀሮቿ ሲወሰዱ አይታለች። ስለ ሌላው ነገር አልነገረችኝም፤ ያልነገረችኝን አልጠየቅኩም። ከእኔ ጋር ስትነጋገር እንኳ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትከሻዋ ይዘላል።

ሲንጀሩን እግሩ ላይ ስንገጥመው ግን ሌላ ሰው ሆነች። ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችበት። ክሩን በምራቋ አሹላ መርፌው ውስጥ በአንድ ጊዜ አሾለከችው። ከአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ቀድዳ ፔዳሉን ረገጠች። መጀመሪያ ስፌቱ ዘለለ። አቆመች፣ የክሩን ውጥረት አላላች፣ እንደገና። ሦስተኛው መስመር ላይ ስፌቱ እንደ ጤፍ ፍሬ እኩል እኩል ተሰለፈ። ቁራጩን ገልብጣ ከታች በኩል አየችና ለእኔ አቀበለችኝ። «ይህን ለሴቶቹ አሳዪልኝ» አለች። ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያመጣሁት።

ሥራ አላት፤ ያጣችው መሣሪያ ነው። በኪራይ ሲንጀር ስትሰፋ ከገቢዋ እኩሌታው ለባለ ሲንጀሩ ይሄድ ነበር። አሁን ለሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም ተቀብላለች፣ የአንዱ የእጅ ዋጋ 150 ብር። ሠርታ ለቤተሰቦቻቸው በዱቤ ትሰጣለች። ዱቤ አያከስርም ወይ አልኳት። «እኛ ሰፈር ዱቤ የማይሰጥ ገበያ የለውም» አለች፣ የደሴዋን ደብተር አላየችም። ያ ምሽት ቤቷ አደርኩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስነቃ ሲንጀሩ ገና እየጮኸ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9፦ ቆቦ

ቆቦ ቆላ ናት፤ የደሴን ሹራብ አውልቄ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ገበያው ውስጥ አማርኛና ትግርኛ እየተቀላቀለ ይሰማል። ከአላማጣ የመጣች የሽንኩርት ነጋዴ በአማርኛ ጀምራ በትግርኛ ትጨርሳለች፣ ገዢውም እንዲሁ። እሷም ሱቅ ነበረኝ አለችኝ። የሁለቱም ወገን ሴቶች ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ የሚቆጥሩት አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፦ ምጣድ፣ ጀሪካን፣ ፍራሽ፣ እህል።

ባለ ተራችን እንጀራ ጋግራ ለሦስት ምግብ ቤት ታቀርባለች። ቆቦ ሁለት ጊዜ ተይዛለች። መጀመሪያ በሐምሌ 2013 ስትያዝ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ተወሰደ። ብድር ወስዳ ሌላ ገዛች። ነሐሴ 21 ቀን 2014 ከተማዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትያዝ ሁለተኛውም ሄደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈረም እሷ ምጣድም ገንዘብም አልነበራትም። የላክንላትን 14,000 ብር ለጤፍና ለማሽላ አዋለችው። ምጣድ ግን የሸክላ ገዛች፣ ሁለት። «የሸክላ ቢሄድ በ300 ብር ይተካል፤ የመብራቱ ቢሄድ ግን እኔም አብሬ ነው የምሄደው» ትላለች። ማገዶው ዓይኗን ይጎዳታል፣ ጭሱ ያስላታል፤ ታውቀዋለች። ሰላሙን እስክታምን ድረስ ነው።

እኔ በደረስኩበት ቀን ሁለተኛውን አዲስ ምጣድ ስታሟሽ አገኘኋት። አዲሱ ሸክላ ቀይ ነው። ጉልቻው ላይ አስቀምጣ እሳቱን ቀስ ብላ አነደደችበት፤ በአንድ ጊዜ ከነደደ ይሰነጠቃል። ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር በተነችበትና በጨርቅ ማሸት ጀመረች። ከመሀል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሀል። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ዘይቱን ሲጠጣ ቀዩ ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር ሆነ። ጨርቁ ሲነድ ሌላ ጨርቅ አመጣች። ጎመን ዘር ጨመረች፣ አሸች፣ ጠበቀች፣ ደግሞ አሸች። ሦስት ሰዓት ያህል። በመጨረሻ ምጣዱ እንደ ጥቁር መስታወት አብረቀረቀ።

ማታ ሊጡን በጣሳ ከዳር ጀምራ ዞር ዞር እያደረገች አፈሰሰች። አክምባሎውን ደፋች። የመጀመሪያው ተጣበቀና ተቀደደ፤ ለልጆቹ ሰጠቻቸው። ሁለተኛው መሀሉ ተያዘ። ምንም አላለችም፣ ማሰሻውን አንስታ እንደገና አሸች። ሦስተኛው ዓይን አወጣ። በሰፌዱ አንስታ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ አየችው። ጤፍና ነጭ ማሽላ ቅልቅል ነው፤ ለምግብ ቤት በ12 ብር ታስረክበዋለች። አዲስ አበባ ያኔ ሃያ እንገዛው የነበረው ከዚህ አይበልጥም።

እራት ላይ የመርሳዋን ነገር አጫወትኳት። ማማከሬ ነበር፤ ማኅበሩ ሁለተኛ ይስጣት ይሆን፣ ሌሎች ተራ እየጠበቁ እንዴት ይሆናል እያልኩ። ሰምታ ዝም አለች።

እሑድ፣ መጋቢት 10፦ መመለስ

መናኸሪያ ስትሸኘኝ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ 700 ብር አወጣች። «ለመርሳዋ ስጪልኝ።» አትችይም፣ ገና ነሽ አልኳት። «እኔ ሁለት ጊዜ ነው የጀመርኩት። እሷም ሁለተኛ ትጀምር» አለች። ሦስት እንጀራ በፌስታል ጠቅልላ ጨመረችልኝ።

መርሳ ወረድኩ። ሴትዮዋ እንደገና የመጣሁት ብሩን ልቀበል መስሏት ፌስታሉን ይዛ ወጣች። ከማን እንደተላከላት ስነግራት «አላውቃት፣ አታውቀኝ» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ቡና ተፈላ። የእሷን 640 እና የቆቦውን 700 አንድ ላይ መሬት ላይ ዘርግተን ቆጠርን፤ 1,340። የአርባ አምስት ቀን ጫጩት አንዱ 170 ብር ነው አለች። ልጁ በክራንቹ ጫፍ አፈሩ ላይ አካፈለው፦ ስድስት ጫጩት 1,020፣ የቀረው 320 ለመኖ። ቆጡ ስልሳ ይይዛል። እናትየው ቆጡ ሥር ገብታ አሮጌውን ጭድ ማውጣት ጀመረች፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ረዳኋት፣ የደሴ ሚኒባስ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ።